ዛፉ ቤቱን ሲከልለው

እሳቸው፦ እዚህ ሥዕል ግርጌ «አንድነት ይጎድለዋል» ብለሽ ጽፈሻል። ልጁ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ይህን አንብቦ ቤቱ ሲገባ ምን እንዲያደርግ ነው?

እሷ፦ ዛፉን ወደ ቤቱ እንዲያስጠጋው ነው ጋሼ። እስኪ ወረቀቱን ልብ ብለው ይዩት። ቤቱ መሀል ላይ አለ፣ ዛፉ ግራ ዳር ብቻውን ቆሟል፣ ባንዲራው ቀኝ ዳር፣ ፀሐይዋ ጥግ ላይ። በመካከላቸው ያለው ባዶ ወረቀት ነው። አንዱ ሌላውን አይነካውም። አራት ሥዕል በአንድ ወረቀት ላይ ሠርቶ ነው ያመጣልኝ።

እሳቸው፦ እኔ የማየው ደስ የሚል ሥዕል ነው። ቤቱ ቤት ይመስላል፣ ዛፉም ዛፍ።

እሷ፦ ይመስላል። እጁ ጥሩ ነው፤ የምጨነቅለትም ለዚሁ ነው። አሁን መቀስ ወስደን ዛፉን ቆርጠን ብናወጣው ግን ቤቱ አንዳች አይጎድልበትም። ባንዲራውንም ብናነሣው እንዲሁ። አንድነት ያለው ሥዕል ላይ አንዱ ሲነሣ የቀረው ይፈርሳል። ኅብር ደግሞ የክፍሎቹ ዝምድና ነው። የጣሪያው ቀይ በአንዲት ሴት መቀነት ላይ፣ ደጅ በተሰጣው በርበሬም ላይ ተመልሶ ሲገኝ፣ የቅርንጫፉ ጉብጠት ከመንገዱ መታጠፊያ ጋር ሲመሳሰል፣ ዓይን «እነዚህስ የአንድ እናት ልጆች ናቸው» ይላል።

እሳቸው፦ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ጽፈሽለት ይገባዋል?

እሷ፦ በቃል አይገባውም፣ በእጁ ነው የሚገባው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሌላ ወረቀት እሰጠውና እንዲህ እለዋለሁ፦ ዛፉ የቤቱን ግማሽ ይከልለው። ከደጃፉ የሚወጣው መንገድ ባንዲራው ሥር ይድረስ። ከአሥራ ሁለቱ ባለቀለም እርሳስህ ሦስቱን ብቻ ምረጥ፤ የመረጥከው ቀለም ሁሉ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይታይ። በቃ። ስለ መርሆ አንድም ቃል አልነግረውም፤ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ስሙን የምነግረው።

እሳቸው፦ ዛፉ ቤቱን ይከልለው ስትያቸው ምን ይሉሻል?

እሷ፦ ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ። «ቲቸር፣ ቤቱ ግማሽ ሊሆን ነው!» ይሉኛል።

እሳቸው፦ እውነታቸውን ነው። ልጅ የሚሥለው የሚያውቀውን ነው። ያ ቤት ሙሉ መሆኑን ያውቃል፤ አባቱ ምሰሶውን ሲያቆም፣ እናቱ ጭቃውን ስትመርግ አይቷል። አንቺ ግን አንድ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ዓይን የሚያየውን ብቻ ሣል ትይዋለሽ። ከሚያውቀው ላይ ግማሹን ወሰድሽበት፤ በምትኩ የሰጠሽው ምንድን ነው?

እሷ፦ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ቢሆን አልነካውም። የትንሽ ልጅ ሥዕል የራሱ ሥርዓት አለው፤ እናቱን ከቤቱ አስበልጦ ቢሥላት እኔ ምን አገባኝ? የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ግን በሥዕሉ መርካት ያቆመ ነው። ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ ሲያጠፋ አየዋለሁ። የሆነ ነገር እንዳልሆነለት ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም። ከዚያ «እኔ ሥዕል አልችልም» ይልና እርሳሱን ይጥላል፤ ዕድሜውን ሙሉ አያነሣውም። ብዙ ሰው ሥዕል የተወው በዚያ ዕድሜ ነው። በምትኩ ምን ሰጠሽው ላሉኝ፣ የጎደለው ምን እንደሆነ የሚያይበት መንገድ ሰጠሁት።

እሳቸው፦ መንገዱ ከመማሪያ መጽሐፉ የወጣ ከሆነ እኔ አላምነውም። ፈተናችሁን አይቻለሁ። «ሀ» ሥር ኅብር፣ አንድነት፣ ሚዛን፣ ምት፣ ንፅፅር ተደርድረዋል፤ «ለ» ሥር ትርጉማቸው። ልጁ አዛምዶ ሙሉ ማርክ ያመጣል፤ በማግሥቱ ያንኑ ብቸኛ ዛፍ ይሥላል።

እሷ፦ በዚህ ከእርስዎ ጋር አንድ ነኝ። ማዛመድ ሥዕል አያስተምርም። ለክወናና እይታ ጥበባት የተሰጠን ክፍለ ጊዜ ጥቂት ነው፤ እሷንም በትርጉም ሽምደዳ መጨረስ ያሳዝነኛል።

እሳቸው፦ ከሽምደዳው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የዝርዝሩ ምንጭ ነው። እነዚህ መርሆዎች ከሰማይ የወረዱ ይመስል እንቀበላቸዋለን እንጂ ማን እንደደረደራቸው ማንም ለልጆቹ አይነግራቸውም።

እሷ፦ እኔ እነግራቸዋለሁ። በ1899 እ.ኤ.አ. አርተር ዌስሊ ዳው የሚባል አሜሪካዊ የሥዕል መምህር «ኮምፖዚሽን» የሚል መጽሐፍ ለመምህራንና ለተማሪዎች አሳተመ። በ1907 ደግሞ በሃርቫርድ ያስተምር የነበረው ዴንማን ሮስ የንድፍን ነገር በሦስት ቃል ጠቀለለው፤ ኅብር፣ ሚዛን፣ ምት። በ1919 ጀርመን አገር ባውሃውስ የሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዮሐንስ ኢተን ለጀማሪዎች የሰጠው ኮርስም ከዚሁ ብዙም አይርቅም። የእኛ መጽሐፍ ላይ ያለው ዝርዝር የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጅ ነው።

እሳቸው፦ እንግዲያው ዕድሜው መቶ ሃያና መቶ ሠላሳ ዓመት የሆነ፣ ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ ለማስተማር እንዲመች ተብሎ የተሰናዳ ዝርዝር ነው። ሕያው የነበረውን ሥዕል በታትነው መልመጃ አደረጉት። ያንን ነው ቡሬ ድረስ ያመጣሽው።

እሷ፦ ለዳው ግን ይቅርታ ያድርጉለት። እሱ ሲነሣ የአውሮፓም የአሜሪካም ተማሪ ዓመታት የሚፈጀው የጀሶ ሐውልት እያየ በመቅዳት ነበር። ዳው የጃፓንን የእንጨት ሕትመት ሥዕሎች ቦስተን ላይ አይቶ ደነገጠ። ጥላ የላቸውም፣ ጥቂት ቀለም፣ ጥቂት መስመር፤ ነገር ግን ከወረቀቱ ላይ አንድ ጭረት ማንሣት አይቻልም። ልጆች መቅዳቱን ትተው ራሳቸው መምረጥ እንዲጀምሩ ነው መጽሐፉን የጻፈው። በዳር መስመሩ ውስጥ ዛፉን የት ላቁመው ብሎ መጠየቅ እንዲለምዱ። ሠዓሊዋ ጆርጂያ ኦኪፍ እሱ ዘንድ ተምራ ነው የራሷን መንገድ ያገኘችው። መልመጃው የሞተው በኋላ፣ ጥያቄው ወጥቶ ትርጉሙ ብቻ ሲቀር ነው።

እሳቸው፦ ጥሩ። ጥያቄው ሕያው ነው እንበል። ታዲያ ስለምን ከጃፓን በቦስተን ዞሮ እስኪመጣልሽ ትጠብቂያለሽ? እዚህ ሰፌድ የሌለበት ቤት አለ?

እሷ፦ አልጠበቅሁም እኮ! ትምህርቱን የምጀምረው ከሰፌድ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ስፌት ይዞ ይመጣል፤ ሰፌድ፣ ሌማት፣ ሙዳይ፣ የተገኘውን። መሬት ላይ ደርድረን እናያለን። ሰፌድ ከመሀል ይጀመራል፣ እየዞረ ይሰፋል። ክቡ በሰፋ ቁጥር በአንድ ዙር የሚገባው ስፌት ይበዛል። ባለሙያዋ መሀል ላይ ስድስት ጫፍ ያለው ጌጥ ከጀመረች፣ ስድስቱም እኩል እየሰፉ ዳር እንዲደርሱ በየዙሩ ትቆጥራለች። ቆጠራው ከሳታት ዙሩ ሲገጥም ጌጡ ይዛነፋል፤ ያኔ ፈትታ ትመለሳለች እንጂ ዳር ላይ ስትደርስ አስተካክለዋለሁ ብላ አታልፈውም። ልጆቹን አንድ በአንድ አስቆጥራቸዋለሁ። መሀል ላይ ስንት ነበር? እዚህስ? የት ላይ ነው የጨመረችው? እናቱ በወስፌ ብቻ ይህን ሁሉ ሒሳብ እንደሠራች ያን ቀን የሚያውቅ ልጅ ብዙ ነው።

እሳቸው፦ ቀለሙንስ?

እሷ፦ ቀለሙ ላይ ብዙ እንቆያለን። ከገበያ በተገዛ ዱቄት የተነከረው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ቀድሞ ዓይን ይገባል። ሰፌዱን አንድ አድርጎ የያዘው ግን ያልተነከረው ሣር ነው። የሣሩ የራሱ ፈዛዛ ቢጫ ከመሀል እስከ ዳር በሁሉም ቀለም መካከል ያልፋል። አንዲት ልጅ ይህን ስታይ «ታዲያ ወረቀቱም እንዲህ መሆን ይችላላ» አለች። ወረቀቱን ሳትቀባ የተወችው ቦታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠ። በፊት የተረሳ ባዶ ነበር፤ አሁን አንዱን ቀለም ካንዱ የሚያገናኝ ሆነ።

እሳቸው፦ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ለእኔ ክርክር ነው የሚያግዘው። የሰፌድ አንድነት ከየት መጣ? አክርማና ስንደዶ ሌላ ነገር አያስደርግም። ተጠምዝዞ እንጂ ቀጥ ብሎ አይሰፋም። እህል ይበጠርበታል፣ ዳሩ መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ይፈታል። አንድነቱን የሠራው ሣሩና ሥራው ነው። ወረቀት ግን ልጁን ምንም አያስገድደውም። ዛፉ ዳር ላይ ብቻውን ቢቆም እህል አይፈስም፣ የሚፈታ ነገር የለም። ሰፌዷን የሰፋችው ሴት ኅብርን አላሰበችውም፤ ሰፌድ አሰበች። አንቺ ፍሬውን ብቻ ቀንጥሰሽ ለልጁ ትሰጪዋለሽ፤ ሥሩ የታለ?

እሷ፦ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ወረቀት አያስገድድም። ለዚህ ነው እኔ ግዴታ የምፈጥረው። ሦስት ቀለም ብቻ የምለው ሥዕል በሦስት ቀለም ይሻላል ብዬ አይደለም፤ ልጁ የሚገፋው ነገር እንዲያገኝ ነው። የብራና መጽሐፎቻችንን ያስቡ። ጸሐፊው ሁለት ቀለም ነበረው፤ ጥቁርና ቀይ። ጥቁሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለርእሱና ለቅዱሳን ስም። ከላይ ሐረግ ተስሎበት ገጹን ያስረዋል። በዚያ በሁለት ቀለም ስንት መቶ ዓመት ገጹ ሳይሰለች ኖረ! ቀዩ የሚያምረው ቦታውን ስለሚያውቅ ነው። የኔ ተማሪ አሥራ ሁለት ቀለም ይዞ አሥራ ሁለቱንም ሲቀባ ግን አንዱም ቀለም ለምን እንደመጣ አያውቅም።

እሳቸው፦ ጸሐፊው ቀዩን ለቅዱሳን ስም ያዋለው ስለሚያምንበት ነው። ግዴታው ከውስጥ መጣ። ያንቺ ግን ከመምህሯ ጠረጴዛ የመጣ ነው። ለሁሉም ሦስት ቀለም፣ ለሁሉም መንገድ፣ ለሁሉም ከላይ የሚደረብ ዛፍ። ክፍሉ ሙሉ አንድ ዓይነት ሥዕል ይዞልሽ ይመጣል። የእንቁጣጣሽን ሥዕል አስቢው። ድሮ ወንዶቹ ልጆች ራሳቸው ሥለው ነበር ቤት ለቤት የሚያድሉት። አንዱ መልአኩን ወፍራም ያደርገዋል፣ አንዱ የአደይ አበባውን ከቤቱ ያስበልጠዋል፣ አንዱ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሥሎ ለፈረሱ ቦታ ያልቅበታል። ቀለሙ ይፈሳል። ከዚያ ፎቶ ኮፒ መጣ። ሁሉም መልአክ እኩል፣ ሁሉም አበባ እኩል፣ ዳር ዳሩ በሐረግ የተከበበ፣ ምንም የማይጎድለው ሆነ። በአንቺ መለኪያ የቱ ነው ኅብር ያለው? ፎቶ ኮፒው ነው። እኔ ግን ግድግዳዬ ላይ የምሰቅለው ቦታ ያለቀበትን ፈረስ ነው።

እሷ፦ እኔም እሱን ነው የምሰቅለው!

እሳቸው፦ እንግዲያው መለኪያሽ ፈረሰ።

እሷ፦ ኅብር ብቻውን መለኪያ ነው ካልኩ ይፈርሳል። ሁለቱን የምለየው ለዚህ ነው ጋሼ። ኅብር በብዛት ሊቀዳ ይችላል፤ ተመሳሳይ ቅርጽ፣ ተመሳሳይ ቀለም፣ ተመሳሳይ ርቀት፣ አለቀ። ማሽንም ይሠራዋል። ያ ቦታ ያለቀበት ፈረስ ላይ ግን ምን ሆኗል? ልጁ ለሰማዕቱ ቦታ አስፍቶ ሰጠ፣ ጦሩን አስረዘመ፣ ዘንዶው ጋ ደረሰ፤ የፈረሱ እግር ወደ ውስጥ ታጠፈ። እግሩ የታጠፈው ጦሩ ስለረዘመ ነው። አንዱ ለአንዱ ሲል ተቀየረ። በፎቶ ኮፒው ላይ የትኛው አበባ ለየትኛው መልአክ ሲል ተቀየረ?

እሳቸው፦ ቆንጆ አባባል ነው፤ ግን ልጁ ያን ያደረገው አስቦ አይደለም። ወረቀት አልቆበት ነው።

እሷ፦ መጀመሪያ ሁሉም ሰው ወረቀት አልቆበት ነው የሚያገኘው። ሁለተኛ ጊዜ ግን ፈልጎ እንዲያደርገው የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ዜጌ ሄደው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያዩ ይመስለኛል።

እሳቸው፦ አይቻለሁ። ባሕር ዳር ሳስተምር ተማሪዎች ይዤ በጀልባ ሄጃለሁ።

እሷ፦ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጨርቅ ላይ ስንት ታሪክ አለ? ስንት ሰው? ከላይ እስከ ታች የቀረ ባዶ ቦታ የለም። ሕዝብ ሲበዛ ራስ በራስ ላይ ተደርቦ ይሣላል፤ የኋለኞቹ ግንባራቸው ብቻ ይታያል። አካላቸው ጎደለ ብሎ ያዘነ ምእመን ግን የለም። ዛፉ ቤቱን ይከልለው ስል ከዚያ የራቀ ነገር አላልኩም። ጻድቃን ፊታቸውን ሙሉ አዙረው በሁለት ዓይን ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህ ልዩነት ግድግዳውን ሙሉ ይይዘዋል። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሥዕል ገና ታሪኳን ሳያውቁ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ያውቃሉ። የሥዕሉ ሥርዓትና የሥዕሉ ትርጉም አንድ ነገር ሆነዋል።

እሳቸው፦ አንቺ ራስሽ መልሱን ተናገርሽው። ሥዕሉን አንድ ያደረገው ትርጉሙ ነው። ሠዓሊውም ተመልካቹም አንድ መጽሐፍ ያውቃሉ፣ አንድ እምነት አላቸው። ቅዳሴው፣ ዕጣኑ፣ ሥዕሉ አንድ ላይ ነው። ያንን ከመቅደሱ አውጥተሽ «የንድፍ መርሆ» ስትይው የቀረልሽ ቆዳው ነው።

እሷ፦ ከመቅደስ የወጡ ሠዓሊዎች አሉን እኮ። ቄስ አዳሙ ተስፋው ከዚሁ ከጎጃም፣ ከቢቸና ናቸው። በቤተ ክህነት ተምረው አዲስ አበባ ገብተው ጦርነትንም፣ የንግሥተ ሳባንም ታሪክ፣ የአገር ቤቱንም ኑሮ ሣሉ። ከቅዳሴው ውጭ፣ ለሚገዛው ሁሉ ነበር የሚሠሩት። የመስመራቸው ጉልበት ግን አልተለያቸውም። አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው፤ ቺካጎ ተምረው ሲመለሱ ነው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት። ሁለቱን ዕውቀት አንድ ክፍል ውስጥ አስገቧቸው። ቆዳ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል መንገድ አይራመድም ነበር።

እሳቸው፦ እነሱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

እሷ፦ እሺ፣ ከትልልቆቹ እንውረድና ተማሪዎቼ ሁሉ የሚያውቁትን የዓድዋን ሥዕል እንውሰድ። በስንት ቤት፣ በስንት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ አይተውታል! በአንድ ወገን የእኛ ሰዎች፣ በአንድ ወገን ጣሊያኖቹ፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ። የእኛዎቹ ፊት ለፊት ያዩናል፤ ጣሊያኖቹ በጎን ናቸው። ልብሳቸው ሌላ፣ ቁመናቸው ሌላ። ሊገዳደሉ የመጡ ሁለት ሠራዊቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ስምምነት የሚባል የለም። ሥዕሉ ግን አንድ ነው። ጠመንጃዎቹ እየተደጋገሙ በአንድ አቅጣጫ ይደረደራሉ፣ የወዲያኞቹ ጠመንጃዎች መልስ ይሰጣሉ፣ ጭሱ ሁለቱን ያገናኛል። አንዱን ሠራዊት ሸፍኑት ብዬ ልጆቹን አዝዛለሁ። የቀረው ማን ላይ እንደሚተኩስ አይታወቅም። ይህን ያዩ ልጆች ከዚያ ወዲያ አንድነት ማለት መመሳሰል ነው አይሉኝም።

እሳቸው፦ ይህን እቀበላለሁ። ከተናገርሽው ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል። ነገር ግን የዓድዋን ሥዕል የሣለው ሰው ውጊያውን ማን እንዳሸነፈ ያውቃል። ታሪኩ ተዘግቷል። የአንቺ ተማሪዎች ያልተዘጋ ነገር ውስጥ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ልጅ ስንት ጊዜ ከክፍሉ እንደወጣ ለአንቺ አልነግርሽም፤ አብረን ኖረነዋል። እንዲህ ዓይነት ጊዜ ያየ ልጅ እርሳስ ሲይዝ፣ ዛፉና ቤቱ ባይነካኩ ምን ይገርማል? ምናልባት ያየው እንደዚያ ነው። ሁሉም ነገር ለየብቻው ቆሞ። አንቺ መንገድ ሥለህ አገናኛቸው ትይዋለሽ። መንገዱ ከሌለስ?

እሷ፦ ይህን እኔም አስቤዋለሁ።

እሳቸው፦ አስቢበት እንጂ። ትልልቆቹ ሰዎች አንድነት ሲሉ ልጁ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «የማይስማማውን አውጣ» የሚል ነው። ኅብር ስትይው ደግሞ «አሳምረው» የሚል ይሰማል። ያመመውን ልጅ አሳምረህ ሣለው ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

እሷ፦ አሳምረው ብዬው አላውቅም፤ ወደፊትም አልልም። ግን ጋሼ፣ ያመመው ነገርም ቢሆን ለሌላ ሰው እንዲታይ ከፈለገ አንድነት ያስፈልገዋል። በ1937 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ ጌርኒካ የምትባል ትንሽ ከተማ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ገበያዋ በነበረበት ቀን። ፒካሶ በሳምንታት ውስጥ ስፋቱ ወደ ስምንት ሜትር የሚጠጋ ሸራ ሣለ። ፈረሱ ይጮኻል፣ እናቲቱ የሞተ ልጇን ታቅፋለች፣ የሰውነት ክፍል ተበታትኗል። አንድም የሚስማማ ቅርጽ የለበትም። ቀለሙ ግን ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ደማቅ ቀይ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ዓይናችን ቀዩ ላይ ቀርቶ ሌላውን አናየውም ነበር። መከራውን አላሳመረውም፤ እንዳይበተንበት ግን ይዞታል። ለልጆቹ የምመኝላቸው ይህን ነው። ኅብር ቢፈልጉ ይተዉት፣ መብታቸው ነው። አንድነት ግን ለሥዕሉ ብቻ ሳይሆን ለሚያየው ሰውም ዕዳ ነው።

እሳቸው፦ ፒካሶ ያኔ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲሥል የኖረ ሰው ነው። ስለ ቡሬ ልጅ ንገሪኝ።

እሷ፦ የቡሬ ልጅ አለኝ። ትምህርት ቤት ሣለ። በሩ ዝግ ነው። ወረቀቱ ላይ ከላይ ግራ ጥግ አደረገው፣ ትንሽ። ከታች ቀኝ ጥግ ጀርባውን የሰጠ አንድ ልጅ አለ፣ እሱም ትንሽ። ከዚያ ውጭ ወረቀቱ ሙሉ ባዶ ነው።

እሳቸው፦ በአንቺ ደንብ ይወድቃል። ሁለት ሥዕል በአንድ ወረቀት ላይ።

እሷ፦ አይወድቅም። እዚያ ላይ ባዶው ርቀት ነው፤ ከበሩ እስከ ልጁ ያለው ርቀት። በሩን በእጄ ስሸፍነው ልጁ የት እንደሚሄድ ጠፋኝ። ልጁን ስሸፍነው በሩ ማን ላይ እንደተዘጋ ጠፋኝ። በሩም የልጁም ሸሚዝ በአንድ ሰማያዊ ተቀብተዋል።

እሳቸው፦ አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ብቻ ስለነበረው ነዋ!

እሷ፦ አዎ፣ አንድ እስክሪብቶ ነው የነበረው። ሰፌዷን የሰፋችውስ ከሣር ሌላ ምን ነበራት? ከእጥረት የመጣውን ነገር እጥረት ነው ብዬ ልለፈው? በሩንና ሸሚዙን አጥቁሮ ሌላውን ሁሉ በቀጭን መስመር የተወው ግን እስክሪብቶው አይደለም። ያንን ልጁ ነው የመረጠው።

እሳቸው፦ ልብ በይ እንግዲህ። ያንን ልጅ አንቺ አላስተማርሽውም። ሦስት ቀለም ምረጥ አላልሽውም፣ ደርብ አላልሽውም። ለሌሎቹ የምትነግሪያቸውን ሁሉ ጥሶ ነው ከሁሉም የበለጠውን ሥዕል ያመጣልሽ። ይህ ያንቺ መርሆ ምስክር ነው ወይስ የእኔ?

እሷ፦ ለእሱ ምስክሩ የእርስዎ ይሁን። ሌሎቹ ተማሪዎች ግን አሉ። ያንን ሥዕል ግድግዳ ላይ ስለጥፈው መጀመሪያ «አልጨረሰም» ነበር ያሉት። ባለፈው ወር ቢሆን ስቀው ያልፉት ነበር። ዓድዋ ላይ ያደረግነውን አስታወሱና አንዷ ተነሥታ በሩን በእጇ ሸፈነችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። መርሆው ልጁን እንዲሥል አላስተማረው ይሆናል፤ እነሱ እንዲያዩት ግን አስተምሯቸዋል። የሚያይለት ያጣ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ አይሥልም።

እሳቸው፦ ማየቱን እሰጥሻለሁ። እንግዲያው ለማየት አስተምሪበት፤ ማርክ አትስጪበት። ያንን ሥዕል ከስንት ስንት ሰጠሽው?

እሷ፦ ማርክ የሌለው ትምህርት ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይወሰዳል። ማርክ መስጠት አለብኝ፤ ምን ላይ እንደምሰጥ ነው ጥያቄው። ንጽሕና ላይ አልሰጥም። ልጁ ስለ እያንዳንዱ ነገር ለምን እዚያ እንዳስቀመጠው መልስ ካለው እሰጠዋለሁ።

እሳቸው፦ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ልጅ ይወስደዋል። ዝምተኛው ይወድቃል። ጀርባውን የሰጠውን ልጅ የሣለው ተነሥቶ የሚያስረዳሽ ይመስልሻል?

እሷ፦ አያስረዳም። ለዚህ ነው እጅ መሸፈኑን የማደርገው፤ የሚናገሩት ጓደኞቹ ናቸው። እሱ ዝም ቢልም ሥዕሉ ይናገርለታል።

እሳቸው፦ ጓደኞቹም ሳያዩት ቢቀሩስ? አንቺም ብትሸፍኚ ብትገልጪ ምንም ባይታይሽ፣ ሥዕሉ ግን ልክ ቢሆን? ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ ሥዕሉን ሲያሳይ አዋቂዎቹ እንኳ ይህ የእኛ አይደለም ያሉት ነበሩ። አንድነት የለውም የምትይው ሁሉ አንቺ ያላየሽው አንድነት ያለው ሊሆን ይችላል።

እሷ፦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥዕሎቹን በዚያው ሳምንት አልመልስም፤ ግድግዳ ላይ ይከርማሉ። በየሳምንቱ ስገባ አያቸዋለሁ፣ እነሱም ያያሉ። ማርኩን የምሞላው ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነው። መጀመሪያ አምስት ልሰጠው የነበረ ሥዕል ዘጠኝ ሆኖ ያውቃል።

እሳቸው፦ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ያየሽውስ? ማርኩ ተልኮ፣ ካርዱ ተሰጥቶ? ልጁ በዚያ መሀል «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ እርሳሱን ጥሎታል። አንቺ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ፤ በዚያ ዕድሜ የጣለ አያነሣውም።

እሷ፦ እሱን እፈራለሁ ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። ግን ያለፈው ዓመት ተማሪዎች ደብተር አለ፤ ማንም አንድ ቃል ያልተናገራቸው፣ ሥለው ሲያመጡ «ጎበዝ» ብቻ እየተባሉ ያለፉ ልጆች። ይውሰዱና ይዩት። ከመስከረም እስከ ሰኔ ዛፉ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ከመካከላቸውም ዘንድሮ አንድም መስመር ያልሣሉ አሉ።